የኦክቴቭ የቁጥር ስሌት ፕሮግራም፦ አጀማመሩና የሚያሻው ጥንቃቄ

በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ በመምህሩ ፊት የሚቀርበው ሥራ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የተማሪዎች ስም በረድፍ፣ የፈተናዎች ውጤት በዓምድ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ውጤት በተሰጠው ክብደት ይባዛል፤ ይደመራል፤ አማካይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ማን እንዳለፈና ማን እንደ ወደቀ ይወሰናል። ወረዳው የየትምህርት ቤቱን፣ ክልሉ የየወረዳውን፣ ሚኒስቴሩም የክልሎችን ውጤት ሲያጠቃልል የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚለየው የሠንጠረዡ ስፋት ብቻ ነው። ሥራው በእጅ ሲከናወን አድካሚ ከመሆኑም በላይ ለስሕተት የተጋለጠ መሆኑ ይታወቃል። በኮምፒዩተር ሲከናወን ድካሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስሕተቱ ግን መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በእጅ የተሠራ ስሕተት ስርዝ ድልዝ ሆኖ ይታያል፤ በኮምፒዩተር የተሠራው ግን ከትክክለኛው ውጤት ጋር አንድ ዓይነት ንጹሕ መልክ ይዞ ይወጣል። ስለዚህም ኦክቴቭ የተባለውን የቁጥር ስሌት ፕሮግራም ለመማር የተነሣ መምህር ወይም የዕቅድ ባለሙያ ከትእዛዛቱ ብዛት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚይዘው ልማድ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አመጣጡ

ኦክቴቭ የተፀነሰው በትምህርት ዓላማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ገደማ በአሜሪካ የዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ሮውሊንግስና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ኤከርት ስለ ኬሚካል ሬአክተር ንድፍ የመማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ፣ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የሚሄድ የስሌት ፕሮግራም አስፈልጓቸው ነበር። ተማሪዎች በፎርትራን ቋንቋ ፕሮግራም ሲጽፉ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በኬሚስትሪው ሳይሆን የፕሮግራሙን ግድፈት በማረም ስለ ነበር ነው። ጆን ኢተን የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ፤ የመጀመሪያው የሙከራ እትም በጥር 1993፣ ቁጥር 1.0 የሚል ስያሜ ያለው እትም ደግሞ በየካቲት 1994 ወጣ። ስሙ ከሙዚቃው ኦክቴቭ ጋር ግንኙነት የለውም። የተወሰደው ከኬሚካል ምሕንድስና ፕሮፌሰሩ ከኦክቴቭ ሌቨንስፒል ሲሆን፣ እኚህ ሰው በቁራጭ ወረቀት ላይ ፈጣን የግምት ስሌት በመሥራት ይታወቁ ነበር። ይህን ዓይነቱን የግምት ችሎታ የሚተካ ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልተሠራምና፣ ስሙ የተገባ ነው ማለት ይቻላል።

ከእርሱ ቀደም ብሎ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ክሊቭ ሞለር በ1970ዎቹ መጨረሻ ማትላብ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈውም በተመሳሳይ ምክንያት፣ ይኸውም ተማሪዎቹ ፎርትራን ሳይጽፉ በማትሪክስ ስሌት እንዲሠሩ ለማስቻል ነበር። ማትላብ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኩባንያ የሚሸጥ ምርት ሆነ። ኦክቴቭ ግን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊገለገልበት፣ ሊያባዛውና ሊያሻሽለው እንዲችል ተፈቅዶ የሚሠራጭ ነው። የሁለቱ ቋንቋ በአብዛኛው ስለሚመሳሰል አንዱን የተማረ በሌላው ለመሥራት ብዙ አይቸገርም። ለትምህርት ቤቶቻችን ዋናው ቁም ነገር ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ በፍላሽ ተገልብጦ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ፕሮግራሙ ሲከፈት ከሚታዩት ክፍሎች ዋነኛው የትእዛዝ መስኮት ነው። በዚያ መስኮት የሚታየው ምልክት (>>) ማሽኑ ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን ያመለክታል። 3+4 ተብሎ የማስገቢያው ቁልፍ ሲመታ 7 የሚል መልስ ይወጣል። ትእዛዛቱና ስያሜዎቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በድምፃቸው በአማርኛ ተጽፈዋል። ኦክቴቭ የላቲኑን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት ለይቶ ስለሚያይ፣ በትልቅ ፊደል የተጀመረ ስም በትንሽ ፊደል ቢጠራ አያውቀውም። ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሰዓት የሚገጥማቸው የስሕተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ የሚያስደነግጥም አይደለም።

የፕሮግራሙ ልዩ ጠባይ ግን ነጠላ ቁጥሮችን በመደመር አይታይም። ኦክቴቭ የሚያስበው በሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ ያህል አራት ተማሪዎች በክፍል ሥራ፣ በአጋማሽና በማጠቃለያ ፈተና ከመቶ ያገኙት ውጤት እንዲህ ይገባል፦

ውጤት = [62 48 71; 55 80 66; 90 37 58; 44 52 49]

የማዕዘን ቅንፉ ሠንጠረዥ መጀመሩንና ማለቁን ያሳያል፤ ክፍት ቦታ ዓምድን ከዓምድ፣ ምልክቱ (;) ደግሞ ረድፍን ከረድፍ ይለያል። ይኸው ምልክት ከቅንፉ ውጪ በትእዛዝ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሥራ አለው፤ መልሱ በመስኮቱ ላይ እንዳይታይ ያደርጋል። አንድ ምልክት ሁለት ሥራ መያዙ ጀማሪን ግራ ማጋባቱ ስለማይቀር አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ሠንጠረዡ ከገባ በኋላ ከስሌት በፊት ሊሰጥ የሚገባው ትእዛዝ ሳይዝ (ውጤት) የሚለው ነው። መልሱ 4 3 ይሆናል፤ ይህም አራት ረድፍና ሦስት ዓምድ ማለት ነው። አርባ ተማሪ ባለው ክፍል 39 የሚል ቁጥር ከታየ አንድ ተማሪ ተዘልሏል። ይህ ትእዛዝ ጊዜ የማይወስድ ቢሆንም በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይገኛል፤ ቦታው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ነበር።

አማካይ ለማግኘት ሚን (ውጤት) ሲባል ማሽኑ 62.75፣ 54.25ና 61.00 ብሎ ይመልሳል። እነዚህ የዓምዶቹ፣ ይኸውም የሦስቱ ፈተናዎች አማካዮች ናቸው እንጂ የተማሪዎቹ አይደሉም። የእያንዳንዱን ተማሪ አማካይ የሚፈልግ ሰው ሚን (ውጤት, 2) ብሎ አቅጣጫውን መንገር አለበት። በዚህ ምሳሌ አማካዮቹ ሦስት፣ ተማሪዎቹ አራት በመሆናቸው መምታታቱ ወዲያው ይታወቃል። ሦስት ተማሪዎች ሦስት ፈተና ወስደው ቢሆን ግን ሁለቱም ትእዛዛት ሦስት ሦስት ቁጥር ስለሚሰጡ የአንዱ መልስ በሌላው ቦታ ሳይታወቅ ሊመዘገብ ይችላል።

ማባዛት ሁለት ዓይነት ነው

ለክፍል ሥራ 0.2፣ ለአጋማሽ 0.3፣ ለማጠቃለያ 0.5 ክብደት ከተሰጠ፣ ክብደቶቹ በዓምድ ይገባሉ፦

ክብደት = [0.2; 0.3; 0.5]
ጠቅላላ = ውጤት * ክብደት

መልሱ 62.3፣ 68.0፣ 58.1ና 48.9 ነው። የመጀመሪያውን ተማሪ በእጅ ለማጣራት 62 በ0.2፣ 48 በ0.3፣ 71 በ0.5 ሲባዙ 12.4፣ 14.4ና 35.5 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 62.3 ነው። የማትሪክስ ብዜት ለብዙ ተማሪዎች ምክንያቱ የማይገባቸው፣ ረድፍን በዓምድ እያጣመሩ የመደመር ልምምድ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ግን መምህሩ ዘወትር በእጁ ሲሠራው የኖረው የማርክ አያያዝ ራሱ የማትሪክስ ብዜት ሆኖ ይገኛል። ምዕራፉ ከዚህ ቢጀመር ትምህርቱ ባልከበደ ነበር።

ሁለተኛው የማባዣ ምልክት ከኮከቡ በፊት ነጥብ ያለበት (.*) ነው። ይህ እያንዳንዱን ቁጥር በአንጻሩ ካለው ቁጥር ጋር ብቻ ያባዛል። የሁለቱ ልዩነት የአንዲት ነጥብ ቢሆንም መልሳቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። 4 በ3 የሆነ ሠንጠረዥ ያለ ነጥብ በራሱ እንዲባዛ ቢታዘዝ ኦክቴቭ መጠኖቹ አይገጣጠሙም በማለት እምቢ ይላል፤ ይህ እምቢታ እንደ ውለታ ሊቆጠር ይገባዋል። ሠንጠረዡ 3 በ3 ሲሆን ግን ማሽኑ ያለ ምንም ተቃውሞ ሌላ መልስ ይሰጣል። በተመሳሳይ ሁኔታ አራት ቁጥር ያለው ረድፍ አራት ቁጥር ካለው ዓምድ ጋር ሲደመር ጀማሪው አራት ድምር ይጠብቃል፤ የሚወጣው ግን 4 በ4 የሆነ የአሥራ ስድስት ቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። የሳይዝ ትእዛዝ ከስሌት በፊት ብቻ ሳይሆን ከስሌት በኋላም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ባዶው ቦታ

አንድ ተማሪ ታሞ ከፈተና ቢቀር መምህሩ በመዝገቡ ላይ ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ወይም ጭረት ያሰምርበታል። ያ ባዶ ቦታ ተማሪው አልተፈተነም ማለት እንጂ ዜሮ አገኘ ማለት አይደለም። ሠንጠረዡ በኮማ ተለይቶ በተጻፈ ፋይል ተዘጋጅቶ ዲኤልኤምሪድ በተባለው ትእዛዝ ሲነበብ ግን፣ ኦክቴቭ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ባዶውን ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። ይህ የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈ አሠራር ነው። ሆኖም መመሪያውን ሳያነብ የጀመረ ሰው ሊያውቀው አይችልም፤ ማሽኑም ስለዚህ ነገር አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ከላይ በቀረበው ሠንጠረዥ አራተኛው ተማሪ የአጋማሹን ፈተና ሳይወስድ ቀርቶ ቢሆን፣ የፈተኑት ሦስት ተማሪዎች አማካይ 55 ነው። ባዶው ቦታ ዜሮ ሲሆን ግን የክፍሉ አማካይ ወደ 41.25 ይወርዳል። ይህን ቁጥር የተመለከተ ሱፐርቫይዘር ትምህርቱ በሚገባ አልተሰጠም ብሎ ቢደመድም፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ስለ መምህሩ ሪፖርት ቢጽፍ፣ የጥፋቱ መነሻ አንድ ታማሚ ተማሪ ነው። ተማሪው በበኩሉ በኋላ ይፈተናል ተብሎ ሲጠበቅ በወደቁት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሊገኝ ይችላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ኦክቴቭ ቁጥር የሌለበትን ቦታ የሚያመለክት ናን የሚባል ምልክት አለው። ዲኤልኤምሪድ ሲታዘዝ “ኤምፕቲቫልዩ” የሚለው ቃልና ናን አብረው ከተሰጡት ባዶው ቦታ በዜሮ ፋንታ በዚህ ምልክት ይያዛል። ናን ያለበት ዓምድ አማካዩ ሲጠየቅ መልሱ ራሱ ናን ይሆናል፤ ማሽኑ “የጎደለ ነገር አለ” ብሎ አፉን ሞልቶ እንደ ተናገረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የተፈተኑትን ብቻ ለይቶ ማስላት የባለሙያው ውሳኔ ነው፦

አጋማሽ = ውጤት(:, 2)
ሚን (አጋማሽ(!ኢዝናን (አጋማሽ)))

ሁለት ነጥቡ “ረድፉን ሁሉ” ማለት ነው፤ ኢዝናን ምልክቱ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ቃለ አጋኖው “ያልሆነውን” ይላል። አንድ ቦታ ናን መሆኑን በእኩልነት ምልክት ለማወቅ መሞከር ግን አያዋጣም፤ በስሌቱ ሥርዓት መሠረት ናን ከራሱም ጋር እኩል አይደለም።

ስለ ፋይል ከተነሣ ሁለት ነገሮች በአጭሩ ይጠቀሱ። ዲኤልኤምሪድ ለቁጥር እንጂ ለጽሑፍ የተዘጋጀ ስላልሆነ የርእሱ ረድፍ እንዲዘለል መታዘዝ አለበት፤ በዚህ ትእዛዝ ረድፎች የሚቆጠሩት እንደ ሌላው የኦክቴቭ አሠራር ከ1 ሳይሆን ከ0 ጀምሮ ነው። በተማሪው ስም ፋንታ የመዝገብ ቁጥሩን ማስገባት ይመረጣል፤ ይህም ምሥጢሩን ይጠብቅለታል። ነገር ግን የመዝገብ ቁጥሩ ዓምድ ከስሌቱ በፊት ካልተነጠለ ማሽኑ እርሱንም አማካይ ከማውጣት አይመለስም።

ማለፊያው ነጥብ

ተማሪዎች ለማለፍ 0.8 ማግኘት ያለባቸው የሙያ ምዘና ቢኖርና አንድ ተፈታኝ በተግባር 0.7፣ በቃል 0.1 ቢያገኝ፣ ማለፉን ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። በኦክቴቭ ግን

0.7 + 0.1 >= 0.8

ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ 0፣ ማለትም “ሐሰት” ነው። ተፈታኙ ወደቀ። ድምሩ በመስኮቱ ላይ እንዲታይ ቢደረግ 0.8000 ተብሎ ይጻፋል፤ ስለሆነም ዓይን የሚያየውና ማሽኑ የፈረደው አይጣጣሙም።

ምክንያቱ ለክፍል ትምህርት ራሱን የቻለ ርእስ ሊሆን የሚችል ነው። አንድ ሦስተኛ በአሥር ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ 0.333 እያለ ማለቂያ የለውም። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በሁለት ቤት ሲሆን፣ በዚያ አቆጣጠር አንድ አሥረኛም እንዲሁ ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ለአንድ ቁጥር የተመደበው ቦታ 53 የሁለት ቤት አኃዞችን፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 16 የሚጠጉ አኃዞችን ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ይቆረጣል። ስለዚህም የ0.7ና የ0.1 ድምር በማሽኑ ውስጥ 0.7999999999999999 ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ጠባይ የኦክቴቭ ብቻ አይደለም፤ በዚሁ ደንብ የሚሠሩ ሁሉ ይጋሩታል።

ለመንገድ ርዝመት ወይም ለእህል ክብደት ይህን ያህል ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። ለማለፊያ ነጥብ ግን ይገባል፤ ማለፍና መውደቅ በመካከላቸው ሌላ ደረጃ የላቸውምና። ሁለት መውጫዎች አሉ። አንደኛው ውጤቱን ከመጀመሪያው በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው፤ 70 ላይ 10 ተደምሮ ከ80 ጋር ሲነጻጸር መልሱ “እውነት” ይሆናል። ሁለተኛው ከማነጻጸር በፊት ራውንድ በተባለው ትእዛዝ ማጠጋጋት ነው። ይሁን እንጂ እስከ ስንተኛው አኃዝ እንደሚጠጋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊወሰንና ለሁሉም ተማሪ እኩል ሊሠራበት ይገባል። ይህን የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ እንጂ ፕሮግራሙን የጫነው ሰው አይደለም።

የአማካዮች አማካይ

የዕቅድ ባለሙያዎችን በተለይ የሚመለከት አንድ ስሕተት አለ። አንድ ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎች ኖረውት አማካይ ውጤታቸው 90፣ ሌላው 400 ተማሪዎች ኖረውት አማካዩ 50 ቢሆን፣ ሚን ([90 50]) ሲባል 70 ይወጣል። ኦክቴቭ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ጥያቄው ግን የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ስሌት የተማሪውን ቁጥር እንደ ክብደት ይወስዳል፦

[40 400] * [90; 50] / 440

መልሱ 53.636 ነው። በ70ና በ53.6 መካከል ያለው ርቀት ተጨማሪ መጻሕፍት ለየትኛው ወረዳ ይላኩ በሚለው ውሳኔ ላይ የሚንጸባረቅ ነው። ትልቁ ትምህርት ቤት የተቸገረው ሆኖ ሳለ በትንሹ ትምህርት ቤት ውጤት ተሸፍኖ ይቀራል። ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ማእከል በተላለፈ ቁጥር አማካይ ብቻ ሳይሆን የተማሪዎቹ ብዛትም አብሮ እንዲላክ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ብዛቱ አንድ ጊዜ ከጠፋ በማናቸውም ትእዛዝ አይመለስም።

በክፍል ውስጥ

አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት እንኳ ለሒሳብ መምህሩ ጠቃሚ የሆነ ትእዛዝ አለ። ተማሪዎች በደብተራቸው የፈቱት ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ጥንድ እኩልነት፣ ለምሳሌ 2ሀ + 3ለ = 13ና ሀ - ለ = -1፣ በኦክቴቭ እንዲህ ይጻፋል፦

መ = [2 3; 1 -1]
ቀ = [13; -1]
መ \ ቀ

ወደ ኋላ ያዘነበለችው ሠረዝ እኩልነቱን ትፈታለች፤ መልሱ 2ና 3 ነው። ተማሪዎቹ ከደብተራቸው ጋር ያመሳክራሉ። ትምህርቱ የሚጠልቀው ግን መፍትሔ የሌለው ጥንድ ሲሰጥ ነው። 2ሀ + 3ለ = 13ና 4ሀ + 6ለ = 20 አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ በግራፍ ሲሣሉ የማይገናኙ ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው። ኦክቴቭ በዚህ ጊዜ ማትሪክሱ ነጠላ ባሕርይ እንዳለው የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ መልእክት ያወጣል፤ ከመልእክቱ በታች ግን 1.6308ና 2.4462 የሚሉ ቁጥሮችን ይጽፋል። እነዚህ ሁለቱን እኩልነቶች ለማስታረቅ የተገኙ የቅርብ ቁጥሮች እንጂ መፍትሔ አይደሉም። ማስጠንቀቂያውን ዘሎ ቁጥሩን የሚቀዳ ተማሪ በእርግጥ ይኖራል። ቁጥሮቹን በመጀመሪያው እኩልነት ውስጥ መልሶ እንዲያስገባ ሲታዘዝ 13 ሳይሆን 10.6 ያገኛል። ይህን ማጣሪያ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአምስት ደቂቃ ሊያሳይ ይችላል።

በትእዛዝ መስኮቱ አንድ በአንድ የተጻፈው ሁሉ ስሌቱ እንዴት እንደ ተሠራ ለሌላ ሰው በቀላሉ አያስረዳም። ስለሆነም የውጤት ስሌት ትእዛዛቱን በቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ጽፎ በማስቀመጥ ቢሠራ የተሻለ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል ስክሪፕት ይባላል። በስክሪፕቱ ውስጥ በመቶኛ ምልክት (%) የሚጀምር መስመር ለማሽኑ ሳይሆን ለሚያነበው ሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ክብደቶቹን ማን እንደ ወሰናቸው፣ ባዶ ቦታዎች እንዴት እንደ ተያዙ፣ ማጠጋጋቱ እስከ ስንተኛው አኃዝ እንደ ሆነ የሚሰፍረው በዚያ ላይ ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ውጤት ለመጠየቅ ሲመጣ መምህሩ ፋይሉን ከፍቶ፣ የዚያን ተማሪ ረድፍ አውጥቶ፣ ስሌቱን በፊቱ ደግሞ ሊሠራለት ይችላል።